የከተሞቻችን ሲኒማ ቤቶች እንዳይዘጉ ምን እናደርጋለን?

(የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ከከተማ ነዋሪዎች ጋር በተደረገ የምርጫ ስብሰባ ላይ በፓርቲው ስም ያቀረቡት ንግግር)



ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ በዚህ ኑሮ ለታክሲና ለባጃጅ የሚከፈለውም ብር ራሱን የቻለ ወጪ ሆኖ ሳለ፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለመጣችሁ በፓርቲያችን ስም ከልብ እናመሰግናለን። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ሰላም ያለንን አቋም በዚህ ማኒፌስቶ ሌሎች ክፍሎች በስፋት ታገኙታላችሁ። ዛሬ የምንናገረው ፓርቲዎች በምርጫ ወቅት እምብዛም ስለማያነሱት ጉዳይ ነው፤ በየከተማው ስላሉትና አንድ በአንድ እየተዘጉ ስላሉት ትንንሽ ሲኒማ ቤቶች።

ይህን ርዕስ ይዘን በመጀመሪያ ስንመክር ከራሳችን አባላት መካከል «ሕዝቡ ዳቦ ሲለን እኛ ፊልም ልንለው ነው ወይ?» ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ አልተቆጣንበትም፤ ቁጭ ብለን ተከራከርንበት። በመጨረሻም ሁላችንንም ያስማማን አንድ ቀላል ነገር ነው። ሲኒማ ቤት ስንል ኦፕሬተሩን፣ ትኬት ቆራጩን፣ ወንበር አሳዪውን፣ ጥበቃውንና ጽዳት ሠራተኛዋን እንላለን። በር ላይ ቆሎና ኦቾሎኒ የምትሸጠውን እናት፣ ፊልም እስኪጀምር ሰው የሚሰበሰብበትን ሻይ ቤት፣ ፊልሙ ሲያልቅ ተሳፋሪ የሚጠብቁትን ባለባጃጆች እንላለን። የሲኒማ ቤቱ መብራት ሲጠፋ የእነዚህ ሁሉ ገቢ አብሮ ይጠፋል። ዳቦው እዚያው ውስጥ ነው።

ሌላም አለ። አንድ የ18 ዓመት ወጣት በዚህ ከተማ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የት ይሄዳል? እባካችሁ ለራሳችሁ መልሱት። ጫት ቤት አለ፤ መጠጥ ቤት አለ፤ የአውሮፓን ኳስ እያዩ የሚወራረዱበት ቤት አለ። እናት ልጇን አስከትላ፣ ጎረምሳ እጮኛውን ይዞ፣ ሽማግሌ ከጎረቤቱ ጋር ተደግፎ በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው አብረው የሚስቁበትና አብረው የሚያለቅሱበት ቦታ ግን እየጠፋ ነው። ወጣቱን አደንዛዥ ነገር ተጠቀምክ፣ ተወራረድክ እያልን በየስብሰባው ስንወቅሰው እንውላለን፤ ሌላ መሄጃ አዘጋጅተንለት ቢሆን ወቀሳችን ያምርብን ነበር።

ከእኛ መካከል ዕድሜያችን ሃምሳን የተሻገረው የከተማ ልጆች ስለ ሲኒማ ቤት ስናነሳ ፊታችን ይበራል። ሳንቲም ስናጠራቅም ሰንብተን ቅዳሜ ወይም እሑድ የሕንድ ፊልም እንገባ ነበር። ቋንቋውን አናውቀውም፤ ዘፈኑን ግን በቃላችን ይዘን ሰኞ ትምህርት ቤት እንዘፍነው ነበር። ፊልሙ መሀል ላይ ሲቋረጥ አዳራሹ በፉጨት ይናጋል፤ «ኦፕሬተር!» ብሎ የማይጮህ አልነበረም። የባለሥልጣኑ ልጅና የሊስትሮው ልጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡበት ጊዜ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ሀብታሙ ፎቅ ላይ ይቀመጥ እንደነበር ግን አልረሳንም።

አገራችን ለሲኒማ እንግዳ አይደለችም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል አዲስ አበባ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። መጀመሪያ አካባቢ የተከፈተውን አዳራሽ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ ይነገራል። ፋሺስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን በአዲስ አበባም በጎንደርም ሲኒማ ቤት ሠርቷል፤ ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይቀመጥ የሚከለክል የዘር ሕጉን ይዞ። ነፃነት ሲመለስ አዳራሾቹ የእኛ ሆኑ። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ፊልም ሲወጣ ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ራሱን በሸራ ላይ አየ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1967 ዓ.ም. በተካሄደው ውርስ ሲኒማ ቤቶች በመንግሥት እጅ ገቡ። በ1978 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ፈረሰ። መንግሥት የወሰደውን ሁሉ የራሱ አድርጎ ሲያበቃ ጥገናውን ግን ረሳው። ደርግ ከወደቀ በኋላ የመጣው መንግሥት በበኩሉ «ነፃ ገበያ ነው» አለ፤ ይሁንና አዳራሾቹን ለነጋዴ አልለቀቃቸውም፣ ራሱም በወጉ አላሠራቸውም። በመሆኑም በየከተማው የምናየው ጣሪያው የሚያፈስ፣ ወንበሩ የተሰበረ፣ ግማሹ የጽሕፈት ቤት መጋዘን የሆነ አዳራሽ የሁለት ሥርዓቶች የጋራ ልጅ ነው።

ሆኖም ኢትዮጵያውያን የፊልም ሰዎች ማንንም አልጠበቁም። በ1990ዎቹ የቪዲዮ ካሜራ ይዘው፣ ዘመድ አዝማድ ተበድረው፣ አንዳንዶቹ ንብረታቸውን ሸጠው ሠሩ። እንደ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ ፊልሞች ሲታዩ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ የነበረውን ሰልፍ ያየ ሰው ሕዝባችን ሲኒማ አይወድም ብሎ ሊያሳምነን አይችልም። ይህን ተከትሎም የግል ሲኒማ ቤቶች ተከፈቱ፤ ዓለም ሲኒማ፣ ሴባስቶፖል፣ ቦሌ ኤድና ሞል ውስጥ ያለው ማቲ። እነዚህ ግን አዲስ አበባ ናቸው። በክልል ከተሞች የቀረን የማዘጋጃ ቤት አዳራሽና በቆርቆሮ የተሠራ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት ቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤቱንም ቢሆን አንናቀው። የብዙ ከተማ ሲኒማ ቤት እርሱ ነበር።

እንግዲህ ለምን ይዘጋሉ? አንዳንድ ሹማምንት «ሕዝቡ ፊልም ማየት ትቷል» ሲሉ እንሰማለን። ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ለስሌት ያህል 200 ወንበር ያለው አዳራሽ እንውሰድ፤ ትኬቱም 100 ብር ነው እንበል። በአዘቦት ቀን 30 ሰው ቢገባ 3 ሺህ ብር ተሰበሰበ። ባለቤቱ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ ከዚህ ውስጥ 391 ብር ገደማ የመንግሥት ነው። የቀረውን 2,609 ብር ከፊልሙ ባለቤት ጋር እኩል ይካፈል፤ በእጁ 1,304 ብር ይቀራል። በዚህ ብር ኦፕሬተሩን፣ ትኬት ቆራጩን፣ ጥበቃውንና ጽዳት ሠራተኛዋን ይከፍላል። የአዳራሽ ኪራይ ይከፍላል። መብራት ይከፍላል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ለጄኔሬተር ነዳጅ ይገዛል፤ ነዳጁም ከተገኘ ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ ነጋዴዎች መልሱን ቀድማችሁ አግኝታችሁታል።

ታዲያ 200 ወንበሩ ለምን አይሞላም? ምክንያቱ አንድ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ እያስተረጎመ ማሳየት ሲጀምር ቤተሰቡ ምሽቱን ቤቱ ማሳለፍ ጀመረ። እኛ ቃናን አንወቅስም፤ ተመልካች ያገኘውን ይመርጣል፣ መብቱም ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ሲኒማ ቤቶች በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጉ። ለሕዝብ ጤና ሲባል መዘጋታቸው ተገቢ ነበር፤ አዳራሹ ባዶ ሆኖም ግን ኪራዩ መቁጠሩን አላቆመም። ብዙዎች ያኔ የጀመሩትን ዕዳ ተሸክመው ነው የተከፈቱት። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፕሮጀክተር አምፑል አገር ውስጥ አይሠራም። የድምፅ ማጉያው፣ የጄኔሬተሩ መለዋወጫ፣ ሁሉም በዶላር ነው የሚመጣው።

ከሁሉ የከፋው ግን የሰላም መጥፋት ነው። ሲኒማ የማታ ሥራ ነው። ሰው ከሥራ ወጥቶ፣ ራቱን በልቶ፣ ቤተሰቡን ይዞ የሚሄድበት ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ስንት ከተማ ነው ማታ ማታ ያለ ፍርሃት ወጥቶ የገባው? በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ጊዜው ካበቃ በኋላም በየከተማው ከመሸ በኋላ የመንቀሳቀስ ነገር ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ባጃጅ በጊዜ በሚገባበት ከተማ የማታ ፊልም ለማን ይታያል? ስለዚህ ማንም ባለሥልጣን ተነስቶ «ሲኒማ ቤቱ በአስተዳደር ድክመት ከሰረ» ቢላችሁ፣ መጀመሪያ ማታ መንገድ ላይ በሰላም መሄድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁልን።

ስለ ቅጂ ስርቆትም አንድ ነገር እንበል። ሕግ አዋቂ በመሆናችን ይህ ጉዳይ ያንገበግበናል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። አዋጁ የሰው ሥራ ያለፈቃድ ያባዛና ያሠራጨ እንዲቀጣ ያዝዛል። በተግባር ግን አዲስ ፊልም በወጣ በሳምንቱ በቴሌግራም ይለቀቃል፤ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ ለመንገደኛ ይታያል። አውቶቡሱ በየኬላው ይቆማል፣ ይፈተሻል፤ የሰው ጫማ ሳይቀር ይፈተሻል። ሾፌሩ ፊት ለፊት በተሰቀለው ስክሪን ላይ እየታየ ያለውን የተሰረቀ ፊልም የጠየቀ ፖሊስ ግን እስካሁን አላጋጠመንም። ይህ ሲባል ድሃው ወጣት በስልኩ ፊልም አየ ተብሎ ይታሰር ማለታችን አይደለም። ዋናውን አባዢና የሰው ላብ እየቸረቸረ የሚነግደውን ነው የምንለው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 91ም አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን እንዲደግፍ ያዛል። በ2010 ዓ.ም. የአገሪቱ የፊልም ፖሊሲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። የጎደለው ወረቀቱን ወደ ከተማ ይዞ የሚወርድ ሰው ነው። አንቀጽ 29 ደግሞ ማንኛውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራ ይከለክላል። ይህን በተለይ የምናነሳው መንግሥት ሲኒማ ቤትን ልርዳ ብሎ ሲመጣ «እኔ የወደድኩትን ብቻ አሳዩ» ማለት ስለሚቀናው ነው። ይህ ዓይነቱ እርዳታ ከነአካቴው ቢቀር ይሻላል።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥቅም አንደብቅም። በአነስተኛ ከተሞች ሲኒማ ቤቱ የስብሰባ አዳራሽም ነው። በአንድ ከተማ፣ ስሟን አንጠራም፣ ለመራጮች ስብሰባ አዳራሽ ብንጠይቅ «ለጥገና ተዘግቷል» ተባልን። በዚያው ሳምንት በዚያው አዳራሽ ሠርግ ተደግሶ ነበር፤ ከአባሎቻችን አንዱም ተጠርቶ በልቷል። ጥሪውን በማክበሩ አልቀጣነውም። አዳራሽ በአንድ ፓርቲ ካድሬ ቁልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ እስከሆነ ድረስ ፊልም ሠሪውም፣ የቲያትር ቡድኑም፣ ዕድሩም፣ ተቃዋሚውም በአንድ ላይ ደጅ እንጠናለን።

እንግዲህ ምን እናደርጋለን?

የመጀመሪያው ሥራችን ገንዘብ አይጠይቅም። በከተማ ምክር ቤት መቀመጫ ባገኘንበት ሁሉ በመንግሥትና በቀበሌ እጅ ያሉ አዳራሾች በዝርዝር ተመዝግበው ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ እናደርጋለን፤ የቱ ይሠራል፣ የቱ ተዘግቷል፣ የቱ መጋዘን ሆኗል። ከዚያም የተዘጉት በግልጽ ጨረታ በረጅም ጊዜ ውል፣ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ ለሚያሠራቸው እንዲሰጡ እንታገላለን። የአንድ ዓመት ውል የያዘ ሰው ጣሪያ አይጠግንም። ኪራዩም በቁርጥ ሳይሆን ከትኬት ገቢው በመቶኛ እንዲሆን እንፈልጋለን። አዳራሹ ሲሞላ ማዘጋጃ ቤቱ የበለጠ ያገኛል፤ ሲጎድል ጉዳቱን ይካፈላል። እንዲህ ሲሆን የከተማው አስተዳደር መብራት እንዳይጠፋ፣ መንገዱ እንዲበራ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ፊልም የማሳየት ግዴታም ውሉ ውስጥ ይገባል፤ አለበለዚያ በሲኒማ ስም ተወስዶ የዕቃ ማከማቻ ይሆናል። አይተነዋልና።

ሁለተኛው የቀረጥ ጉዳይ ነው። ለብዙ የኢንቨስትመንት ዘርፎች የካፒታል ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ሲገባ፣ ለትንሽ ሲኒማ ቤት የሚያስፈልጉት ፕሮጀክተር፣ አምፑል፣ ስክሪንና የድምፅ መሣሪያም ይህን መብት ሊያገኙ ይገባል። በመንግሥት በኩል የሚቀረው ገቢ ከምንም የሚቆጠር አይደለም።

ሦስተኛው ከበድ ይላል፤ የፌዴራል ሕግ ማሻሻልንም ይጠይቃል። ፈረንሳዮች ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩበት ዘዴ አለ። ከእያንዳንዱ የሲኒማ ትኬት ላይ 10.72 በመቶ ተቆርጦ ለብሔራዊ የሲኒማ ማዕከላቸው ይገባል፤ ማዕከሉም ያንኑ ገንዘብ መልሶ ለፊልም ሠሪዎችና ለሲኒማ ቤቶች ያውለዋል። የትልቁ ከተማ ትልቅ አዳራሽ የትንሹን ከተማ ትንሽ አዳራሽ ይደጉማል ማለት ነው። እኛ በትኬት ላይ አዲስ ግብር ይጣል አንልም፤ ሕዝቡ ግብር በዝቶበታል። የምንለው ዛሬ ከሲኒማ ትኬት ላይ የሚሰበሰበው ታክስ በሙሉ ወይም በከፊል ለሲኒማ ቤቶች ማደሻ በሚውል ፈንድ ውስጥ ይግባ ነው። ፈንዱን የሚያስተዳድረውም የባለሙያዎችና የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ቦርድ እንጂ የአንድ ሚኒስትር ቢሮ አይሆንም፤ ሒሳቡም በየዓመቱ በኦዲተር ተመርምሮ ይታተማል።

የጠዋት ሰዓትንም አስቡት። ሲኒማ ቤት ጠዋት ባዶ ነው፤ ተማሪ ግን በየትምህርት ቤቱ በፈረቃ ይማራል። ትምህርት ቤቶች በቅናሽ ዋጋ ለተማሪዎቻቸው ትምህርታዊና ታሪካዊ ፊልም እንዲያሳዩ ብናደርግ፣ አዳራሹ ሥራ ፈትቶ ከሚውል ገቢ ያገኛል፤ ልጆቹም ስክሪን ማለት የእጅ ስልክ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

የማንሰጠውን ቃልም እንናገር። እያንዳንዱን ሲኒማ ቤት እናድናለን አንልም። በመንግሥት ደመወዝ ለዘለዓለም የሚደጎም አዳራሽ አንፈልግም፤ ያንን በደርግ ጊዜ አይተነዋል። አንዳንዱ አዳራሽ ምንም ቢደረግለት አይነሳም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ በኮሪደር ልማት ስም በሳምንታት ውስጥ የሆነውን ያየን በመሆኑ ግን ታሪክ ያላቸው አዳራሾች ነዋሪውና ባለሙያው ሳይመክሩባቸው በዶዘር እንዳይነኩ እንቆማለን። ስለ ቅርስ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለዚህ በቂ ነው፤ የሚያስከብረው ይገኝ እንጂ።

የቀረው የእናንተ ድርሻ ነው። በአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች በ2010ሮቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ፊልማቸውን በጥቅል ማውጣት እየተው ወደ ዲጂታል ሲዞሩ፣ ለአንድ አዳራሽ አዲስ ማሽን 60 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቅ ነበር። ትንንሽ ከተሞች ውስጥ የነበሩ ባለቤቶች መክፈል አቃታቸው። በርካታ ከተሞች ውስጥ ነዋሪው ራሱ አዋጥቶ ማሽኑን ገዛላቸው፤ ሲኒማ ቤቱን በጋራ የገዛም አለ። ይህ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? ዕድርና ዕቁብን ያህል ተቋም ያለው ሕዝብ፣ ተዋጥቶ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ድልድይ የሚሠራ ሕዝብ፣ ለ200 ወንበር አዳራሽ አክሲዮን መግዛት አይሳነውም። የሚያስፈልገው ያዋጣው ገንዘብ የት እንደገባ የሚያሳየው ሥርዓትና ነገ ተነስቶ አዳራሹን የማይነጥቀው መንግሥት ነው።

በር ላይ የቆሙት አባሎቻችን መዝገብ ይዘዋል። በቀበሌያችሁ የተዘጋ ወይም ለሌላ ሥራ የዋለ የሕዝብ አዳራሽ ካለ ቦታውንና የተዘጋበትን ጊዜ አስመዝግቡልን። በሲኒማ ቤት ሠርታችሁ ሥራ የፈታችሁ ካላችሁም እንዲሁ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ መጀመሪያ ከኋላ ለተቀመጡት ዕድል እንስጥ።